ሚስ ሱሺላና የአጎቴ ማሽላ

ባለፈው ወር ዱባይ የሚሠራው ልጄ ለእረፍት ቆቦ መጥቶ ሻንጣውን ሲፈታ፣ ከሽቶውና ከሻርፑ መሀል አንዲት የዱቄት ከረጢት አወጣ። ላስቲኩ ላይ የማሽላ ራስ ተስሎበታል። “ህንዶች ሱቅ አይቼው ገርሞኝ ነው። ማሽላ ከውጭ አገር ወደ ቆቦ ሲገባ ይሄ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም” አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እሱ ዝም ካለ በኋላ የኔ ሳቅ አልቆም ሲል ግን ግራ ገባው። “እማዬ፣ ምን ነካሽ?” አለኝ። የነካኝን ለመንገር ወደ አሥራ ስምንት ዓመቴ መመለስ ነበረብኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ያ ክፉ ድርቅ ሊመጣ ሁለት ሦስት ዓመት ሲቀረው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ነርስ መሆን እፈልግ ነበር፤ ለዚያ ደግሞ ማትሪክ ማለፍ፣ ማትሪክ ለማለፍ ሒሳብ ማወቅ ያስፈልጋል። የሒሳብ አስተማሪያችን ግን ክረምት ላይ ተዛውሮ ሄዶ፣ መስከረም ትምህርት የተከፈተው ያለ ሒሳብ ነው። በዚህ መሀል አንድ ቀን ከደሴ የመጣው አውቶቡስ ቢጫ ሳሪ የለበሰች፣ ሁለት የቆርቆሮ ሳጥን የያዘች፣ ሠላሳ ዓመት ግድም የሆናት ህንዳዊት አወረደ። ሚስ ሱሺላ ነበረች።

እናቴ ፋጡማ በርበሬ ነጋዴ ናት። አባቴ ከሞተ ወዲህ በግቢያችን አንድ ክፍል ባዶ ስለነበር፣ ቀበሌው እንግዳዋን እኛ ዘንድ መደባት። የቀበሌው ሊቀመንበር “የወዳጅ አገር ልጅ ናት፤ አገራችንን እንዳታዋርዱ” ብሎ እናቴን አስጠነቀቃት። በማግሥቱ ራሱ ፍየል አሳርዶ መጣ። ሙዳ ሙዳውን ሥጋ ከሚስ ፊት እየከመረ፣ “ጓድ መምህርት፣ ይህ የቆላ ፍየል ነው! የግራር ቅጠል እየቀነጠሰ ያደገ ነው!” አላት። እንግሊዝኛ የምሞክረው እኔ ስለነበርኩ ተረጎምኩላት። እሷም ፈገግ ብላ በቀስታ፣ “ፍየሉን ከምትሰጡኝ ቅጠሉን ብትሰጡኝ ይሻለኝ ነበር” አለችኝ። ይህንን ለሊቀመንበር መተርጎም አልደፈርኩም። “ጠግቤያለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ ትላለች” አልኩት።

ሚስ ሥጋ የሚባል ነገር በሕይወቷ ቀምሳ አታውቅም ነበር። በራያ ምድር፣ ጎረምሳ ጥሬ ሥጋ በመብላት በሚፎካከርበት አገር፣ ይህ ሊታመን የሚችል ነገር አልነበረም። እናቴ እንቁላል ጠበሰችላት፤ እሱንም እምቢ አለች። “እንቁላል ደግሞ ምን አደረጋት? እግር የለው፣ ደም የለው!” ብላ እናቴ ተብሰለሰለች። የታደገችን ክርስቲያኗ ጎረቤታችን እትዬ ዝማም ናት። “ፋጡማዬ፣ ምን ያስጨንቅሻል? ልጅቱ ዓመቱን ሙሉ ጾመኛ ናት። የጾም ወጥ እንደሆነ እኔ እያለሁ አትራብም” አለችና ከዚያን ቀን ጀምሮ ሽሮውና ምስሩ ከአጥር ወዲያ መምጣት ጀመረ። ሚስ ወጡን ወደደችው፤ በርበሬ ላይማ እኛን ታስንቃለች። እንጀራው ግን አልሆናትም። እናቴ በዘመዶቿ በኩል ከደጋ ያስመጣችው የተመረጠ ነጭ ጤፍ ነው። ለሚስ ግን ኮምጣጣ ሆነባት፤ ሆዷን ነፋት። ዳር ዳሩን ቆርሳ፣ እናቴን ላለማስቀየም ጎርሳ፣ የቀረውን እንደ ደብዳቤ አጥፋ ትተወዋለች። በወሩ መጨረሻ ሰሌዳ ላይ ለመጻፍ እጇን ስታነሣ አንጓዋ ላይ የነበሩት አምባሮች እስከ ክርኗ ይንሸራተቱ ጀመር።

እኛስ ምን እንበላ ነበር? ማሽላ ነዋ! እናቴ ለእንግዳ ጤፉን አቅርባ ስታበቃ፣ እኔና እሷ ጓዳ ገብተን በር ዘግተን የማሽላ እንጀራችንን እንበላለን። “ማሽላ መብላታችንን አይታ አገሯ ሄዳ ታውራብን?” ትል ነበር። በቆላው ማሽላ ሕይወት ነው፤ አገዳው ለጣሪያ፣ ቅጠሉ ለከብት፣ ሥሩ ለማገዶ ይሆናል። ቢሆንም እንግዳ ፊት አይቀርብም። ያኔ ይህ ለምን እንደሆነ የጠየቀ ሰው አላውቅም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ኅዳር መግቢያ ላይ ሚስ ከክፍል በኋላ አስቀረችኝ። ወደ አዲስ አበባ እንዲያዛውሯት ማመልከቻ ጽፋለች፤ መላኩ ብቻ ቀርቷታል። “ከገና በፊት የምሄድ ይመስለኛል” አለችኝ። “ሰውነቴ እምቢ አለ። እናትሽን እወዳታለሁ፤ ግን እየራበኝ ነው።” ሒሳብ ገና መግባባት ጀምረን ነበር። በአምስት ዓመት ያልገባኝን ክፍልፋይ በሎሚ እየከፈለች ያስረዳችኝ እሷ ናት። ከመሄዷ በፊት እንኳ ትንሽ እንዲቀልላት ብዬ፣ እሑድ ሮቢት አጠገብ ወዳለው ወደ አጎቴ ሰይድ እርሻ ልውሰዳት አልኩ። እናቴ ፈቀደች። “ብቻ ሰይድ ቤት ምግብ እንዳታስቀርቢ” አለችኝ።

በጠዋት እህል በጫነ መኪና ላይ ተሳፍረን ወረድን። ፀሐይ ከዞብል ተራራ በላይ ገና ብቅ ማለቷ ነው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ማሽላው በፈረስ የተቀመጠ ሰው ይሰውራል፤ ራሱ ከብዶት አንገቱን ደፍቷል። ሚስ መኪናው ላይ ሆና አንገቷን አስግጋ ታያለች። ከወረድን በኋላ ጃንጥላዋን መሬት ላይ ጣል አድርጋ እርሻው ውስጥ ገባች፣ አንዱን ራስ ጎንበስ አድርጋ አሸተተችው።

“ይሄ ምንድን ነው?” አለችኝ።

የእናቴ ቃል ጆሮዬ ላይ አለ። “የከብት መኖ ነው” አልኩ።

ዞር ብላ አየችኝ። ክፍል ውስጥ የተሳሳተ መልስ ስንሰጣት የምታየን አስተያየት ነው። “እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ” አለች።

ያኔ የግሪሳ ወፍ መንጋ መጣ። እንደ ጭስ ተነሥቶ፣ እንደ ጨርቅ ተጣጥፎ እርሻው ላይ አረፈ። አጎቴ ሰይድ እርሻው መሀል ለወፍ ጥበቃ ከተሠራው ማማ ላይ “ሃይ! ሃይ!” እያለ ወንጭፉን ያጮኻል። ሚስ ሳሪዋን ወገቧ ላይ ጠምጥማ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ የማማውን መሰላል ወጣች። አጎቴ ደንግጦ ወደ ጥግ ሸሸ። እጇን ዘረጋች፤ ወንጭፉን ሰጣት። ጭቃ አድቦልቡላ አስገባችበት፤ ሦስት ጊዜ ከራሷ በላይ አዙራ ለቀቀችው። ወንጭፉ ጧ! ብሎ እንደ ጠመንጃ ጮኸ፤ ግሪሳው ተገልብጦ ወደ ዋጃ አቅጣጫ ነጎደ።

“ያ ረቢ!” አለ አጎቴ። “አንቺ ልጅ፣ አስተማሪ ናት አላላችሁኝም?”

እሷ ከላይ ሆና በሁለት እጇ አፏን ይዛ ትስቃለች፤ እንባዋም ይወርዳል። የአባቷ እርሻ ማሽላ ነው። እንዲህ ያለ ማማ አለው፣ እንዲህ ያለ ወንጭፍ አለው፤ ከወንድሞቿ ሁሉ አርቃ የምትወነጭፈው እሷ ነበረች። አጎቴ እሳት አንድዶ እሸት ሲጠብስ ደግሞ ማንም ሳያሳያት ትኩሱን ራስ በመዳፏ አሽታ፣ ገለባውን እፍ ብላ፣ ፍሬውን አፏ ውስጥ ጨመረችው። “በእሸት ጊዜ አባቴ ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ይጠራል” አለችኝ እያኘከች። “ትናንት ሌሊት በሕልሜ የበላሁት ይህን ነው።” ደግሞም ይህ እህል በጥንት ዘመን ከኛ ወገን ተነሥቶ ባሕር ተሻግሮ እነሱ አገር እንደገባ መጽሐፍ ላይ ማንበቧን ነገረችን። ይህን ለአጎቴ ስተረጉምለት ትንሽ አሰበና፣ “እንግዲያማ ልጃችንን እዚያ ድረናል ማለት ነው። አማቾች ነን” አለ። ስንመለስ ደጋሊት ከሚባለው ማሽላው ያስፈጨውን ግማሽ ቁና ዱቄት ቋጥሮ ሰጣት።

እናቴ የተቋጠረውን ፈታ ስታይ ፊቷን መታች። “ወየው ጉዴ! አዋረድሽኝ!” አለችኝ። ሚስ ግን በቀጥታ ጓዳ ገብታ ተንበርክካለች። የፈላ ውኃ ለምና ዱቄቱን አሸችው፤ ድቡልቡሉን በሁለት መዳፏ መሀል ቸብ ቸብ እያደረገች፣ እያዞረች አሰፋችው። ትንሹ ምጣድ ላይ ጣለችው፤ ሲያዝ አንሥታ በቀጥታ ፍሙ ላይ አደረገችው። እንደ ኳስ ተነፋ። ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት በጨው ወቅጣ አጠገቡ አስቀመጠችና ቁጭ ብላ በላች። ሁለት ጨረሰች። ሦስተኛውን ለእናቴ ዘረጋችላት።

“ቂጣ ነው’ኮ!” አለች እናቴ ቀምሳ። “የኛው ቂጣ!”

ሚስ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ “እማማ፣ ለምን ደበቅሽ?” ብላ ጠየቀቻት።

እናቴ ዓይኗን ሰበረች። “የድሃ ምግብ ነው ብዬ ነዋ የኔ ልጅ። ለእንግዳ ያሳፍራል።”

ስተረጉምላት ሚስ እጇ ላይ ያለውን ቁራሽ ተመለከተች። “የኔም እናት እንግዳ ሲመጣ ማሽላውን ደብቃ ስንዴ ታወጣለች” አለች።

ይህንን ለእናቴ ነገርኳት። ሳቋ ከሆዷ ተነሣ። ሚስም ጀመረች። ሁለቱ ሴቶች፣ ቋንቋ ሳይግባቡ፣ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ሲስቁ እትዬ ዝማም “ምን ተገኘ?” ብላ አጥሩን ዞራ መጣች።

ወሬው ሊቀመንበሩ ዘንድ ለመድረስ ሦስት ቀን አልፈጀበትም። ምሳ ሰዓት ላይ ተቆጥቶ ገባ። “የወዳጅ አገር ልጅ ማሽላ ታበያለሽ? ወረዳ ቢሰማስ?” እናቴ ያንን ሰውዬ ትፈራው ነበር። ያን ቀን ግን ትኩሱን ቂጣ ፊቱ አስቀመጠች። “ጓድ፣ መጀመሪያ ብላና ከዚያ ተቆጣ” አለችው። በላ። ደገመ። በሦስተኛው ላይ ከቃሪያው የተነሣ ግንባሩ በላብ ተጥለቀለቀ። አፉን ጠረገና ኮቱን ካስተካከለ በኋላ፣ “ይሄማ በራስ ምርት መጠቀም ነው” ብሎ ወጣ።

ማመልከቻው አልተላከም። አምባሮቹ ቀስ በቀስ ወደ አንጓዋ ተመለሱ። ሚስ ሱሺላ ሁለት ዓመት አስተምራ፣ ድርቁ ሳይመጣ ወደ አገሯ ገባች። እኔ ማትሪክ አለፍኩ፤ ነርስ ሆኜ ከሠላሳ ዓመት በላይ አገለገልኩ። ጓዳ በር ዘግተን መብላታችንም ከዚያ ኅዳር ወዲህ ቀረ።

ከሩቅ አገር የሚመጣ ሰው አዲስ ነገር ብቻ የሚያመጣ ይመስለን ነበር። እናቴ በራሷ እህል ስትኮራ ያየኋት ግን ባሕር ተሻግራ የመጣች ሴት ጓዳዋ ገብታ ከበላችላት በኋላ ነው። ዛሬ ልጆቼ ያልለመዱት እንግዳ ሲመጣባቸው “ምን እናቅርብ?” ብለው ሲራወጡ አያለሁ፤ ከሱቅ ሱቅ ይሮጣሉ። “ያላችሁን አቅርቡ” እላቸዋለሁ። “ማን ያውቃል፤ እንግዳው ሲመኘው የከረመው እሱኑ ይሆናል።”