ከቁም ሳጥኑ በር ጀርባ

ሰው ያረጀ ዕቃ ቀለም ቀብቼ አዲስ አደረግኩት ሲለኝ ደስ አይለኝም። ምቀኝነት እንዳይመስላችሁ። እኔም አንዴ ቀብቼ ነበር።

አባቴ ከሰሜን ለመንግሥት ሥራ ተመድቦ አዋሳ ሲመጣ (ያኔ ሀዋሳን እንዲያ ነበር የምንላት) መጀመሪያ የገዛው ዕቃ አንድ የዋንዛ ቁም ሳጥን ነው። ሁለት በር ያለው፣ አራት ሰው የማያነሣው፣ ሲከፈት የሚያቃስት። ከግራው በር ጀርባ የቤታችን ነገር ሁሉ በእርሳስ ተጽፎ ነበር፤ እኔ የተወለድኩበት ቀን፣ ወንድሜ የተወለደበት ቀን፣ ክርስትና የተነሣንበት። ሌላው ሰው እንዲህ ያለውን ዳዊቱ ጀርባ ላይ ይጽፋል። አባቴ ግን፣ "መጽሐፍ ሰው ይዋሰዋል፣ ይጠፋል። ቁም ሳጥን የሚዋስ የለም" ይል ነበር። እውነቱን ነው፣ ማንም አልተዋሰው።

አባቴ ሲሞት እናቴ እርሳስ አምጥታ፣ የሞተበትን ቀን ከእኛ ሥር አስጻፈችኝ። እሷ አታነብም። አባቴ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የቀበሌውን ግማሽ ፊደል ያስቆጠረ ሰው ነው፤ የእናቴም ምስክር ወረቀት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ግን ከስሟ ሌላ አንድ ቃል አትለይም። "ሲያስተምረኝ ይቆጣል፣ ሲቆጣ ይጠፋብኛል" ትላለች። የዚያችን መስመር ቦታ ግን ታውቃለች። ነጠላ ልታወጣ በሩን በከፈተች ቁጥር ጣቷን እዚያ ታሳርፍና ታለቅሳለች። ድምፅ የለውም ልቅሶዋ፣ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚነቃነቀው። ሁለት ዓመት እንዲህ አየኋት። አዘንኩላት፣ ግን ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ ሰለቸኝ።

ለአብዮት በዓል የቀበሌው የቆርቆሮ አጥር ሰማያዊ ይቀባ ተባለና ወጣቱም ሴቱም ተጠርተን ወጣን። እኔ ሥራ ከያዝኩ ጥግ አላስቀርም፣ ክፉ ጠባዬ ነው። ሌላው ፊት ለፊቱን ቀብቶ ሲሄድ እኔ የአጥሩን ጀርባ ዝገቱን እየፈገፈግኩ ስቀባ ሊቀመንበሩ አየኝና የተረፈውን ግማሽ ቆርቆሮ ቀለም፣ "ለቤታችሁ ይሁን" ብሎ ሰጠኝ። ስኳር በወረፋ በሚገኝበት ዘመን ቀለም እንደ ብርቅ ነው። በጋሪ ተሳፍሬ፣ ክዳኑን በሁለት እጄ ይዤ ቤት ገባሁ።

ጎረቤታችን አናጢ ነበር፣ የሲዳማ ሰው፣ እሁድ እሁድ በመዝሙሩ የሚቀሰቅሰን። እሱን ጠየቅኩት። "ዕንጨት ቀለም የሚይዘው ሲራቆት ነው" አለኝና የብርጭቆ ወረቀት ቆርሶ ሰጠኝ። "መጀመሪያ በዚህ ፈግፍጊው። ደግሞ የውጪውን ብቻ ቀቢ፣ ውስጡን ማን ያየዋል?" እኔ ግን ከመጀመሪያውም ያሰብኩት ውስጡን ነበር።

እናቴ ዘመድ ጥየቃ ይርጋለም ሄዳ ሁለት ቀን ስትቆይ ሥራዬን ጀመርኩ። መጀመሪያ የአባቴን መስመር ብቻ ፈገፈግኩ። ቦታው ነጣ ብሎ ጠባሳ መሰለ። እንግዲህ ካጠፋሁ አይቀር ብዬ የእኛንም ጨመርኩ። ልደታችንን ደብተር ላይ ልገልብጠው አልኩና፣ ማን ይረሳዋል ብዬ ተውኩት። የእርሳሱና የዕንጨቱ ብናኝ ጉልበቴ ላይ ወደቀ፣ ተነሥቼ ቀሚሴን አራገፍኩ። ከዚያ ውስጡንም ውጪውንም ሁለት ጊዜ ደራርቤ ቀባሁት።

እናቴ ስትመጣ በሩን ከፈተች። ጣቷ እንደ ልማዱ ወደዚያ ሄደ፣ ሰማያዊ ብቻ ነው ያገኘው። ትንሽ ቆማ፣ "እጅሽ ይባረክ" አለችና ዘጋችው። አላለቀሰችም። እኔ ጅሏ ደስ አለኝ።

ኅዳር ላይ የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ መጣ። ወንድሜ ገና አሥራ ስድስት ዓመቱን መያዙ ነበር፣ ግን በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ልጅ ነው። የትምህርት ቤት መዝገቡ ደግሞ አሥራ ስምንት ይላል፣ ያም የኛው ሥራ ነው። ያኔ አንደኛ ክፍል ለመግባት ልጅ እጁን በራሱ ላይ አዙሮ የማዶ ጆሮውን መንካት ነበረበት። የሱ እጅ ረጅም ስለነበር በአምስት ዓመቱ ነካ። እናቴ፣ "ሰባት ዓመቱ ነው" አለች፣ ጸሐፊው ጻፈ። አታለልናቸው ብለን እስከ ቤት ስንስቅ መጣን።

ስሙ ዝርዝር ውስጥ መግባቱን ስንሰማ አናጢው አጥሩን ተሻግሮ መጣ። "ልጁን ገጠር ወንድሜ ጋ ልውሰደው" አላት እናቴን። "እንሰት ውስጥ ማን ያገኘዋል? ዛሬውኑ እንሂድ።"

"ቆይ፣ ቀበሌ ላናግር" አለችው። እኔን አስከትላ ሄደች።

ጓድ የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ የማያውቅ ሴት፣ ያን ቀን ለጸሐፊውም ለዘበኛውም ጓድ አለች። "የኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው የወለድኩት። ዘንድሮ ሉቃስ አይደል? ያኔም ዘመነ ሉቃስ ነበር" አለች።

ጸሐፊው ፈገግ አለ። "እትዬ፣ ሉቃስ እኮ በየአራት ዓመቱ ይመጣል። በሉቃስ ከቆጠርን ሃያም ይሆነዋል።"

ሊቀመንበሩ ፈገግ አላለም። እሱን ፊደል ያስቆጠረው አባቴ ነው። ወደ እናቴ ጠጋ ብሎ፣ "ጋሼ የጻፉት ነገር የለም?" አላት። "የሳቸውን እጅ ጽሑፍ አውቀዋለሁ። ካየሁት ለኮሚቴው እኔው እመሰክራለሁ። ግን ነገ ከሰዓት ዝርዝሩ ወደ ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ይሄዳል፣ ከዚያ ወዲያ ከእጄ ወጣ።"

የእናቴ ፊት በራ። "አለ እንጂ። ቁም ሳጥኑ ላይ ጽፎታል። ይቺ ልጅ ቀለም ቀባችበት እንጂ አለ። ቀለም አይደል፣ ይላጣል።" አጠገቧ ቆሜ ነበር። ተከትያት ወጣሁ።

ቤት ስንደርስ አናጢው በራችን ላይ ይጠብቃል። "አይ፣ አያስፈልግም" አለችው። "የአባቱ ጽሑፍ እያለ ልጄ እንደ ሌባ ለምን ይሸሻል?"

ያን ከሰዓትና በማግስቱ ጠዋት ያንን በር ላጥነው። እኔ ጨርቅ በነጭ ጋዝ እየነከርኩ አለሰልሳለሁ፣ እናቴ በቢላዋ፣ ወንድሜ በጠርሙስ ስባሪ ይፍቃሉ። "ቀስ በሉ፣ ጽሑፉን እንዳትነኩት" ትለናለች። አንጀቴን እስከ ዛሬ የሚበላው ይሄ ነው፣ ቀስ በሉ ማለቷ። ወንድሜ እየፋቀ ያሾፋል። "ስንት ዓመቴ እንደሆነ ይሄ በር ከኔ በላይ ያውቃል" ይላል። እኔ ከሥሩ ምንም እንደሌለ እያወቅኩ ጨርቄን እነክራለሁ። ብናገር ጽሑፉ አይመለስም፣ ግን አናጢው ከአጥሩ ማዶ መዶሻውን ሲመታ ይሰማኝ ነበር። አንድ ቃል ብተነፍስ ወንድሜ በዚያ ጠዋት እንሰት ውስጥ በገባ። ፈራሁ። ሊቀመንበሩን አይደለም የፈራሁት፣ የእናቴን ዓይን ነው።

ሊቀመንበሩ ዝርዝሩ ከመሄዱ በፊት መጣ። ብቻውን ነበር። የተላጠውን በር በጣቱ ዳሰሰ። "እትዬ፣ እዚህ ምንም የለም" አላት።

"ትንሽ ዝቅ በል፣ ልጄ። እዚያ ጋ ነው። እጄ ያውቀዋል" አለች።

ዝቅ ብሎም አየ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። አጥሩን አብረን ነው የቀባነው፣ ዝገቱን ሳልፈገፍግ እንዳልቀባሁ ያውቃል። ኮፍያውን አድርጎ ሄደ።

ልጆቹን በሳምንቱ ከመናኸሪያ አጠገብ ጫኗቸው። ወንድሜ ከሁሉም በላይ ራሱ ይታይ ነበር። ሁለት ደብዳቤ ከሰሜን ጻፈልን፣ በሁለቱም ስለ ብርዱ ነው የሚያወራው። ሦስተኛ አልመጣም።

ደርግ ሲወድቅ ወታደሩ እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ እየተጎተተ በከተማችን አለፈ። እናቴ ክረምቱን ሙሉ እንጀራ በመሶብ ይዛ መናኸሪያ ዋለች። ለማንም ትሰጣለች፣ ማንንም ትጠይቃለች። አንድ ቀን ጠዋት ግን አልሄደችም። እርሳስ ይዛ ቁም ሳጥኑ ፊት ቆመችና ጠራችኝ። ውጪው አሁንም ሰማያዊ ነው፣ የግራው በር ጀርባ ብቻ ራቁቱን ቀርቷል።

"ጻፊልኝ። የኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ዘመነ ሉቃስ። ዓመተ ምሕረቱንም ጻፊ፣ እንዳይከራከሩኝ።"

ጻፍኩ። እርሳሱ ባልተቀባው ዕንጨት ላይ ጥሩ አድርጎ ይጽፋል።

"የአባትሽንም መልሺው" አለች።

ያኔ ወጣልኝ። "እማዬ፣ ያን ጊዜ ስንፍቅ ጽሑፉ አልነበረም። ከመቀባቴ በፊት በብርጭቆ ወረቀት አጥፍቼው ነበር። እያወቅኩ ነው ዝም ያልኩሽ።"

ትመታኛለች ብዬ ጠበቅኩ፣ ብትመታኝ ደስ ባለኝ። "ለምን አጠፋሽው?" አለችኝ።

"በከፈትሽው ቁጥር እንዳታለቅሺ ብዬ።"

"ላለቅስበት እኮ ነው ያስጻፍኩሽ" አለች። እርሳሱን መልሳ እጄ ውስጥ አስገባችው። "ጻፊው። ከወንድምሽ ሥርም ቦታ ተዪ።"

ሁለት ጣት ያህል ተውኩ። እዚያ የሚጻፈውን ቀን እስከ ዛሬ የነገረን የለም። እናቴ ነጠላዋን ልታወጣ በከፈተች ቁጥር ጣቷን ባዶው ቦታ ላይ ታሳርፋለች።