ከቦሌ ባሕር ዳር አንድ ሰዓት

ከቦሌ ባሕር ዳር በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ነው። በአውቶቡስ ግን ሳይነጋ ተነስቶ ሲመሽ መግባት ነው። እኔ አዲስ አበባ የወረድኩት በአውቶቡስ ነበር፣ ከአረብ አገር የምትመለሰውን ታላቅ እህቴን ለማምጣት። እናታችን ካረፈች ሁለት ወር ሆኖ ነበር፤ እህቴ ግን አልተነገራትም። በሰው አገር ብቻዋን መርዶ እንዳትሰማ ብለን፣ በደወለች ቁጥር «ጠበል ገብታለች፤ እዚያ ኔትወርክ የለም» እንላት ነበር። ደብረ ታቦር ቤታችን በገባች ማግሥት፣ ሲነጋጋ፣ ዘመድ ተሰብስቦ በወጉ ሊያረዳት ተወስኗል።

ለመልሱ የአውሮፕላን ትኬት የቆረጡልን ጋሼ የምንላቸው አጎቴ ናቸው። «ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ጎኗ ከተቀመጥሽ ታለቅሽባታለሽ» አሉኝ። «አንድ ሰዓት ብቻ ቻይልኝ። ከባሕር ዳር ወዲያ እኔ አለሁ። ዝም ማለት እንደሆነ ያንቺን ያህል ማን ያውቅበታል?» ቤት የነበረው ሁሉ ሳቀ። እኔም ለወጉ ሳቅሁ። ጥቁር ልብሴን አውልቄ የጎረቤት ቀሚስ ለበስኩ፤ የተቆረጠ ፀጉሬን በሻሽ አሰርኩ።

አውሮፕላኑ ውስጥ እህቴ ስለ ትምህርቴ ጠየቀችኝ፣ ሥራ አግኝቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አጭር አጭሩን እየመለስኩ ሰዓቴን አያለሁ። ልናርፍ ጥቂት ሲቀረን፣ ባሕር ዳር ላይ ደመና ስለከበደ ትንሽ እንደምንዞር ተነገረን። ከታች ነጭ ብቻ ነው የሚታየው። አንድ ሰዓት ሞላ፤ አሁንም እንዞራለን። ትከሻዬ ዛለ። ከዚህ በላይ ለመቻል አልተዘጋጀሁም ነበር።

«ሰዓትሽን ተይው» አለች እህቴ።

«ምነው እትዬ?»

«እማዬ የምትታለብ ላም ትታ ሁለት ወር ጠበል ትቀመጣለች? ይሄን የፈጠረው ማነው?»

«ጋሼ ናቸው።» ማመኔን ያወቅሁት ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

«እሳቸው ደግሞ ላም አልበው ያውቃሉ?» አለች። ልትስቅ ጀምራ አፏን በሻርፗ ጫፍ ያዘች። እጇን ያዝኳት። ሻርፗን ከአፏ አንስታ፣ «መቼ ነው የሚያረዱኝ?» አለችኝ።

«ነገ፣ ሲነጋጋ።»

«እንግዲያው እስከ ነገ አላወቅሁም። አክስቶቻችን ከእብናት ድረስ መጥተው ያወቀች ሰው ሊያረዱ ነው? ነገ አለቅሳለሁ።»

ስናርፍ አጎቴ ነጭ ጋቢ ለብሰው እየሳቁ ጠበቁን። «ደመናው አላሳርፍ አላችሁ አይደል!» እያሉ እህቴን አገላብጠው ሳሟት።

«እማዬስ፣ ከጠበል ወጣች?» አለቻቸው።

ዓይናቸው ወደ እኔ ዞረ። ሻንጣዎቹን ማየት ጀመርኩ።

«ነገ… ነገ ትገባለች» አሉ።

እህቴ መኪና ውስጥ ገብታ ስትቀመጥ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ጎበዝ፣ ቻልሽው» አሉኝ። ከዚያ እስከ ደብረ ታቦር ገና ሁለት ሰዓት መንገድ ይቀረን ነበር።