ድንቢጥ የጫነችው ሲስተም

የቤት ፕላን በመሥራት ነው የሚተዳደረው። የተንጋደደ ነገር ማየት ስለማይሆንለት የሥራ ጓደኞቹ «መስመር» ይሉታል። ሰው ቤት በእንግድነት ገብቶ እንኳ ግድግዳው ላይ የዘመመ ሥዕል ካየ፣ ተነሥቶ ሳያቃናው ጨዋታ አይጥመውም። ከሳሎኑ አጠገብ ያለችውን ጠባብ ክፍል ቢሮ አድርጓታል። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተርና መስኮቱ ሥር የተከመሩ ጥቅል ወረቀቶች አሉባት።

አንዲት ልጅ ነበረችው። ሰውነቷ ትንሽ ስለሆነ ድንቢጥ እያለ ይጠራታል። ኮምፒውተር እየተማረች ሳለ የደም በሽታ ያዛትና ትምህርቷን አቋርጣ ቤት ዋለች። በዚያው ሰሞን የአባቷ ኮምፒውተር ውስጥ ቫይረስ ገብቶ፣ ለአንድ ክሊኒክ የሠራውን ፕላን እንዳለ በላበት። መስመር ራሱን ይዞ ቁጭ ባለበት ድንቢጥ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ መጣች።

«ተነሥልኝ አባዬ። ይሄን ሲስተም ከሥሩ ነው የምቀይርልህ።»

«ኧረ ልጄ፣ እኔ የለመድኩት ይሻለኛል።»

«የለመድከውማ ይኸው ሥራህን በላብህ።»

ባለሙያ እንደፈለገ የሚያስተካክለውን፣ በነጻ የሚገኘውን ሲስተም ጫነችለት። እየደከማት፣ ሶፋው ላይ ጋደም እያለች ነው የጨረሰችው። ቀጥላ ስም ማውጣት ጀመረች። የፕላኖቹን ፎልደር «የአባዬ ቤቶች»፣ የቆሻሻ ቅርጫቱን «ሳይቆጭህ በፊት አስብ»፣ መነካት የሌለበትን ደግሞ «እጅህን ሰብስብ» አለችው። ኮምፒውተሩ ሲዘጋ አንድ ጽሑፍ ብቅ ይላል፤ «በርታ መስመሬ፣ ዛሬም ምንም አላበላሸህም» ይላል።

አጠገቡ ተቀምጣ አስተማረችው። እሱ ማውዙን እንደ መዶሻ ሲደበድብ፣ እሷ በሳቅ ትፈርሳለች። ሳቋ ሳል ሲሆንባት እናቷ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ ሁለቱንም ትቆጣለች።

ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች።

መስመር ለቅሶ የሚደርሱት ሰዎች እግር ሲቀንስ ወደ ጠባቧ ክፍል ተመለሰ። አዲሱን ሲስተም ግን ገና በወጉ አልለመደውም፤ ሲጠፋበት የሚጠይቃት ደግሞ የለችም። ከዚህ የባሰው፣ የግንባታ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ የሚጠቀመው የድሮውን ሲስተም ነበር። መስመር የላከው ፕላን እዚያ ሲከፈት መስመሮቹ ይዘበራረቃሉ። አንድ ጊዜ ባለፎቅ ቤት ደረጃው ጠፍቶ ታየ። ደንበኛው ስልክ ደውሎ፣ «ታዲያ ፎቁ ላይ በምን ልውጣ፣ በክንፍ?» አለው። ሰው እየተወው ሄደ።

እንደዚያም ሆኖ ልቡ እሺ አላለውም። ጠዋት ልቀይረው ብሎ ይነሣል፤ «እጅህን ሰብስብ» የሚለውን ሲያይ እውነትም እጁን ይሰበስባል። ሚስቱን አላማከራትም። ልጃቸው ከሞተች ወዲህ ስሟን በመሃላቸው አያነሡም፤ እሷ አልቅሳ እንዳትታመም እሱ ይፈራል፣ እሱም እንዳይሰበር እሷ ትፈራለች።

በመጨረሻ ኮምፒውተሩን ታቅፎ መንገድ ዳር ሱቅ ወዳለው ጠጋኝ ወሰደው። ጠጋኙ ከፍቶ አየና ፈገግ አለ።

«ማን ነው እንዲህ ያሳመረው፣ ጋሼ?»

«ልጄ ናት፣ ነፍሷን ይማር።»

ጠጋኙ ነገሩ ገባውና ፈገግታውን ሰበሰበ። «እንግዲያው አልነካውም። ዲስኩን አውጥቼ ልስጥዎት፣ ቤት ያስቀምጡት። የድሮውን በሌላ ዲስክ ላይ እጭንልዎታለሁ።»

መስመር ያ ዲስክ መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥ ምን እንደሚያደርግ ራሱን ያውቀዋል። በየቀኑ እያወጣ ይሰካዋል፤ ሥራም አይሠራ፣ ሰውም አይሆን።

«ፎቶዎቿንና ፕላኖቹን ገልብጥልኝ» አለ። «ሌላውን አጥፋው። እዚያው ላይ ጫንበት።»

«እርግጠኛ ነዎት? ላዩ ላይ ከተጻፈበት በኋላ አይመለስም።»

«አጥፋው አልኩህ እኮ፣ ወንድሜ።»

ወጥቶ በረንዳው ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ማየት አልቻለም።

በማግስቱ ከሰዓት ለሥራ ወጥቶ ሲመለስ ሚስቱን ጠባቧ ክፍል ውስጥ አገኛት። የእሱ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ኮምፒውተሩ ተዘግቷል።

«ጽሑፉ የት ሄደ?» አለችው።

«የቱ ጽሑፍ?» አለ፤ የቱን እንደሆነ ግን ያውቃል።

«ሲዘጋ የሚወጣው። ሦስቴ ከፍቼ ዘጋሁት፣ አይመጣም።»

«የድሮውን አስመለስኩት። ሥራው አልሄድ ብሎኝ ነው።»

«አንተ ስትወጣ እየገባሁ ከፍቼ እዘጋው ነበር» አለች፤ ድምፅዋ ከፍ አላለም። «አንተን ብላ እንደጻፈችው አውቃለሁ። ለኔ አልጻፈችም። ግን ተደብቄ አነበው ነበር።»

መስመር በሩ ላይ እንደቆመ ቀረ። የፈቃዱን ቢሮ ሲዞር ውሎ እግሩ ዝሎ ነበር፤ መቀመጥ ግን አልቻለም። «ምነው ብትነግሪኝ» ሊል አሰበ፤ ግን እሱስ መቼ ነገራት?

ኮምፒውተሩን መልሶ ወደ ሱቁ ሮጠ። ጠጋኙ ገመድ ሰካ፣ ፕሮግራም ሞከረ፣ ሌላ ሞከረ። ከዚያ ቀና ሳይል፣ «ላዩ ላይ ተጽፎበታል፣ ጋሼ። ያኔም ነግሬዎት ነበር» አለው።

ሥራው ተቃናለት። የባለፎቁ ቤት ደረጃ ተገኘ፤ ፈቃዱም ወጣ። የሄዱት ደንበኞች አንዳንዶቹ ተመለሱ። ጽሑፉን በራሱ እጅ መልሶ ሊያስገባው አስቦ ነበር፤ ግን የእሱ ቃል እንጂ የእሷ እንደማይሆን ሲገባው ተወው።

ሚስቱ ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ጠባቧ ክፍል አትገባም። ሻይ ስታመጣለት ደፉ ላይ ቆማ ታቀብለዋለች። አንድ ቀን ብርጭቆውን ከሰጠችው በኋላ አልሄደችም፤ በሩን ተደግፋ ሲሠራ አየችው።

«ሥራው ተቃናልህ?» አለችው።

«ተቃንቷል።»

«ጥሩ ነው» ብላ፣ ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች።