ፀሐይን ከጀርባ አድርገን የተነሣነው ፎቶ

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ ከሐረር በላይ ባለው ሐኪም ጋራ አናት ላይ የነበርነው አራት ነን፤ አማቴ አው ዑመር፣ ልጄ ፉአድ፣ ትንሿ ልጄ ሐናንና እኔ። ባለቤቴ፣ አላህ ይርሐመውና፣ ቢኖር አምስት እንሆን ነበር። ሻንጣዬ ቤት ታስሮ ተቀምጧል። መኪናው ከመግሪብ ሶላት በኋላ ይመጣል ተብሏል። እኔ የሐናንን ሹራብ እቆልፋለሁ፣ እፈታለሁ፣ መልሼ እቆልፋለሁ።

ፉአድ ሰርግ የሚያነሣበትን ዲጂታል ካሜራ ይዞ ነበር፤ ጅዳ ይዤው የምሄደው ፎቶ እንዲኖረኝ ብሎ። አው ዑመር ግን የሰው መልክ መሥራት የአላህ ነው ይላሉ፤ ቤታችን ግድግዳ ላይ አንድም ፊት ተሰቅሎ አያውቅም። ልጄ ይህን ስለሚያውቅ የምትጠልቀውን ፀሐይ ከኋላችን አድርጎ አንድ አነሣና አሳያቸው። ሰማዩ እንደ በርበሬ ቀልቷል፤ እኛ ጥቁር ጥላ ሆነናል።

«አባባ፣ ይኸው፣ ዓይን የለው፣ አፍንጫ የለው።»

ካሜራውን አስጠግተው አዩት። «ፊት ከሌለው ይሁን። ግን እኔን አሳጥረኸኛል» አሉት። ሁላችንም አንድ ላይ የሳቅነው ያኔ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የለም።

ከዚያ ፉአድ ካሜራውን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ፣ በራሱ እንዲያነሣ አድርጎ፣ እየሮጠ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

ጅዳ የሰው ቤት እሠራለሁ። ሐረር ሲመሽ ጋቢ ያስፈልጋል፣ እዚህ ሌሊትም ግድግዳው ይሞቃል። ኹብዙም፣ የዐረቡ ዳቦ፣ ጥጥ ጥጥ ይላል፣ ሆድ አይዝም። ፎቶውን ከመኝታዬ በላይ ለጠፍኩት። የቤቱ እመቤት አይታ፣ ቤተሰቦችሽ ይህን ያህል ጥቁር ናቸው ወይ አለችኝ። ፀሐይ ከኋላቸው ሆና ነው አልኳት።

ፉአድ ሊከተለኝ ተነሣ። ባሕሩን ፈርቼ አትምጣ ብለው አልሰማኝም። ከጅቡቲ ባሕር ዳርቻ፣ ከኦቦክ፣ ደውሎ ነገ እንሳፈራለን አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይነሣም።

የጠፋ ሰው የሚጠየቅበት ቢሮ ሄድኩ። ፎቶ አምጪ አሉኝ። መታወቂያውም ስልኩም ከእሱ ጋር ሄደዋል፤ የሰው ሰርግ ሲያነሣ እሱን ያነሣው የለም። ያለኝን ሰጠሁ።

«የትኛው ነው?» አለኝ ጸሐፊው።

«ረጅሙ።»

«ፊቱስ?» ከጀርባው ያለ ይመስል ፎቶውን ገለበጠው። «ለመሆኑ እዚህ ላይ ፊቱን ነው የሰጠን ጀርባውን?»

ሮጦ ደርሶ ዞሮ ይሁን፣ ሳይዞር ካሜራው ቀድሞት ይሁን፣ አላውቅም። ያኔ የማየው የሐናንን ቁልፍ ነበር።

አው ዑመር በደወልኩ ቁጥር ሰላምታ ሳይጨርሱ፣ «ፊቱ ይነሣ ባልኩ ኖሮ» ይሉኛል። እኔም እሳቸውን ማጽናናት እይዛለሁ።

ፉአድ ከቀኝ ቅንድቡ በላይ ትንሽ ጠባሳ አለው፤ ፎቶው ላይ አይታይም። ሲቆም አንገቱን ዘንበል ያደርጋል። የሰው ካሜራ ካየ ሳያገላብጥ አያልፍም። ኦቦክ ይሁን የመን፣ መንገድ ላይ ይሁን እስር ቤት፣ ያየው ካለ ንገሩኝ። የሰማችሁት ክፉ ቢሆንም ንገሩኝ።