ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የሄደው ኮምፒውተር

በዚያ ዘመን «የአቅም ግንባታ» የሚል ቃል ያልገባበት ደብዳቤ አልነበረም። ላሊበላ ውስጥ እሠራበት ወደነበረው ጽሕፈት ቤትም አቅማችንን ይገነባል የተባለ አንድ ኮምፒውተር መጣ። ሌላው ሁሉ በፍላሽ ከቢሮ ቢሮ በሚዞር ቫይረስ ሲታመስ፣ እኔ በግትርነቴ ያ ቫይረስ የማይደፍረውን፣ ሊኑክስ የሚሉትን ሥርዓት ጫንኩበት። ከሰው ተለይቶ መቆም ያስደስተኝ ነበር። የተለየ ሰው ግን ነገሩ ሲበላሽ የሚጠራው እሱ ብቻ ነው። ድምፅ ሲጠፋ እኔ፣ ፕሪንተሩ አልታይ ሲል እኔ፣ የአማርኛው ፊደል ባዶ ሣጥን ሲሆን እኔ። መልሴ አብዛኛውን ጊዜ «አጥፍታችሁ አብሩት» ነበር። የሚያሳዝነው፣ ይሠራል።

ከብልባላ በኩል የሚመጡ አንድ አዛውንት የቅኔ መምህር ነበሩ። ቅኔ አንድ ጊዜ ከተዘረፈ አይደገምም፤ ትናንት የተባለውን ዛሬ ማለት ነውር ነው። እሳቸው ግን የሟች መምህራቸውን ቅኔዎች ዕድሜ ልካቸውን በቃል ይዘው ኖረዋል። ተማሪዎቻቸው አስጎብኚነትን መርጠው ሲሄዱባቸው፣ «ከእኔ ጋር እንዳይቀበር» ብለው በብራና ሊያስጽፉ አሰቡ። አስጣልኳቸው። ብራናን አይጥ ይበላዋል፣ ኮምፒውተር ይሻላል አልኩ። ዐቢይ ጾሙን ሙሉ እሳቸው እያሉ እኔ ጻፍኩ፤ እያንዳንዱን ቅኔ ለየብቻው በፋይል አስቀመጥኩ። ሌላ ቅጂ አልያዝኩም። ስለ ቅጂ ጥቅም ለሰው መስበኩን ግን አላቋረጥኩም።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ጠዋት ማሽኑ አልነሳ አለ። ጥቁር ገጽ ላይ፣ ዲስኩ ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈተው ገና ባልመጣ ቀን ነውና በእጅህ መርምረው የሚል ጽሑፍ ቆሟል። ጸሐፊያችንን ጠራኋት።

«ሰዓቱን ነካክተሽዋል?»

«አስተካከልኩት እንጂ አልነካካሁትም፣ ጋሼ። ዓመቱን ስምንት ጨምሮ ነበር።»

«የፈረንጅ አቆጣጠር ነዋ።»

«ማሽኑ ያንን ዓመት ደብዳቤ ላይ አትሞብኝ ኃላፊው ሲቆጡኝ፣ የፈረንጅ ነው ብለው እርስዎ መለሱልኝ?»

ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቶ መኖርን እኛ ለምደነዋል፤ ዲስኩ ግን አልለመደውም። ዓመቱን መልሼ ምርመራውን ጀመርኩ። የመብራቱ መቆራረጥም የራሱን ቁስል ትቶ ኖሯል፤ ማሽኑ «ላስተካክል?» «ላስተካክል?» ይለኝ ጀመር። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጥያቄዎች አነበብኩ። ከዚያ ደከመኝ። ሳያነቡ አዎ፣ አዎ፣ አዎ ማለትን በየስብሰባው በደንብ ተለማምደነው ነበር።

ማሽኑ ተነሣ፤ የቅኔዎቹ ማኅደር ግን ባዶ ነበር። ስፈልግ ቆይቼ፣ ባለቤት ያጣ ፋይል ሁሉ የሚጣልበት ሌላ ማኅደር ውስጥ ስማቸው ጠፍቶ በቁጥር ብቻ ተሰይመው አገኘኋቸው። ሁሉም ይኑሩ አይኑሩ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

መምህሩ ሲመጡ የሆነውን ነገርኳቸው። ለመዋሸትም አቅም አልነበረኝም።

«አንብብልኝ» አሉና ተቀመጡ።

አንድ በአንድ አነበብኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው «ይቺ የጥምቀት ናት፣ ይቺ የመድኃኔ ዓለም» እያሉ ለእያንዳንዷ ስሟን መለሱላት። ሳበቃ ዓይናቸውን ገለጡ።

«መወድሷ የለችም።»

«የትኛዋ፣ የኔታ?»

«መምህሬ ሊያርፉ ሲሉ የነገሩኝ።»

«ይበሉልኝ፣ አሁኑኑ እጽፋታለሁ።»

ጀመሩ። ሁለት ቤት ወረደ። ሦስተኛው ላይ ቆሙ። ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ እዚያው ቆሙ።

«በየማታው እከልሳት ነበር» አሉ። «አንተ ከጻፍካት ወዲህ ተውኩት። ማሽኑ ይዟታል ብዬ።»

ሁለቱን ቤት ጻፍኩ። መወድስ የሚሉት የቅኔ ዓይነት ስምንት ቤት ነው፤ ለስድስቱ ባዶ መስመር ትቼ ሁሉንም በወረቀት አተምኩላቸው።

«እርስዎ ባለቅኔ ነዎት፤ የጎደለውን ይሙሉት» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። «ያላሉትን አሉ ብዬ? አርፈው የተኙ ሰው ላይ ልዋሽ?»

ወረቀቱን በጋቢያቸው ጠቅልለው ወጡ። ደረጃውን ሲወርዱ ሁለቱን ቤት ሲሉ ሰማኋቸው። ከዚያ ዝም። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው።