የማኩረፊያው ክፍል

ጋሽ ጡሩምባ በወታደር ሰፈሩ ውስጥ ጠዋት የሚጠሉ፣ ማታ የሚወደዱ ሰው ነበሩ። የሰፈሩ ጡሩምባ ነፊ እሳቸው ናቸውና ጎህ ሲቀድ ወታደሩን ከሞቀ አልጋው የሚያስነሱትም፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ከሥራ የሚያሰናብቱትም እሳቸው ነበሩ። ጠዋት በሆዱ ሲሰድባቸው የነበረ ወታደር ማታ ሻይ ይጋብዛቸዋል። እንዲህ ኖረው ኖረው የፊት ጥርሶቻቸው ተራ በተራ ተሰናበቱና በሰው ሠራሽ ጥርስ ተተኩ። በአዲሱ ጥርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነፉ ከጡሩምባው የወጣው ድምፅ የፈላ ማንቆርቆሪያ ድምፅ ነበር። ግማሹ ወታደር ሻይ ደረሰ ብሎ ወደ ምግብ ቤት ሄደ፣ ግማሹ ተመልሶ ተኛ። ብዙም ሳይቆይ ጡረታ ወጡ።

የሰፈሩ አዛዥ ግን ጨርሰው እንዲሄዱ አልፈለጉም። ከቤተሰብ መኖሪያዎቹ ጫፍ ላይ ያለውን የወጣቶች አዳራሽ እንዲጠብቁ አደረጓቸው። አዳራሹ ቆርቆሮ ክዳን ያለው ረጅም ቤት ነው። አንድ እግሩ በጡብ የተደገፈ የጠረጴዛ ቴኒስ፣ ጠጠራቸው የጎደለ ጥቂት የዳማ ሰሌዳዎች፣ ከጎኑ ደግሞ አሮጌ የሙዚቃ ጓድ ዕቃ የታጨቀበት ትንሽ ክፍል አለው። ጋሽ ጡሩምባ በየቀኑ አዳራሹን ጠርገው ይከፍታሉ፣ ልጆቹ ሲጣሉ ይገላግላሉ፣ ማታ ቆልፈው ከእህታቸው ጋር ወደሚኖሩበት ቤት ይሄዳሉ። እህታቸው የሰፈሩ ክሊኒክ ነርስ ናት። ምላሷ እንደ መርፌዋ ነው፤ ይወጋል እንጂ አይጎዳም።

ያ ዓመት ሊለወጥ ጥቂት ሲቀረው ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ከአዲሱ ዓመት በፊት የሚውለው የበዓል ሰሞንም ገባ። ከሰፈሩ ሠራዊት አብዛኛው ለጥበቃ ወደ ሩቅ ቦታ ተልኮ ስለነበር ሰው ያልጎደለበት ቤት አልነበረም። አንዱ ቤት አባት የለም፣ ሌላው ቤት እናት የለችም።

እናት ከጎደለችባቸው ቤቶች አንዱ የልብስ ሰፊው ቤት ነው። ሚስቱ የሠራዊቱ ከባድ መኪና ሾፌር ናት፣ ከሄደች ወራት አልፈዋል። እሱ በሰፈሩ የደንብ ልብስ መስፊያ ውስጥ የሚሠራ፣ ሆዱ ቶሎ የሚባባ ሲቪል ነው። ችግር ሁሉ በመርፌ የሚፈታ ይመስለዋል፤ ያዘነ ሰው ካየ ሜትሩን አውጥቶ ይለካዋል። የመጀመሪያ ልጁ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ሦስት ታናናሽ ወንድሞቿን በትእዛዝ ስለምታኖር የሰፈሩ ሰው «ጄኔራሏ» ይላታል።

ልብስ ሰፊው በዚህ በዓል ልጆቼ አንዳች እንዳይጎድልባቸው ብሎ ቆርጦ ተነሣ። ፊኛ ነፋ፣ ባለ ቀለም ወረቀት ከጥግ እስከ ጥግ ሰቀለ። ከመኮንኖች ክበብ መጋረጃ የተረፈ የሚያብረቀርቅ ጨርቅ አግኝቶም ለአራቱ ልጆችና ለራሱ አንድ ዓይነት ልብስ ሰፋ። አምስቱ ተሰልፈው ሲቆሙ፣ ሰው ትንሽ ብርሃን እንዲገባ ወደ ጎን ሰብሰብ ሊያደርጋቸው ያምረዋል።

የበዓሉ ዕለት ለእናትየው የሚላክ ፎቶ ለማንሣት ጎረቤት ተጠራ። ጄኔራሏ ከማለዳ ጀምሮ የመጣው የሄደው ሲያበረታታት ነው የዋለችው። አንዷ አይዞሽ ትላታለች፣ ሌላዋ ለወንድሞችሽ እናት አንቺ ነሽ ትላታለች፣ ሁሉም ደግሞ ዛሬ ደስ ይበልሽ ይላታል። አባቷ ፈገግ በሉ፣ እናታችሁ ስታየን ደስ ይበላት ሲል፣ «ደስ አላለኝም» አለች። ይህን ሲሰማ ትንሹ ወንድሟ አለቀሰ። መካከለኛው በእሱ ሳቀ። አንድ ፊኛ ፈነዳ። ልብስ ሰፊውም በሕይወቱ የሚያውቀውን ትልቁን ወቀሳ ተናገረ፤ «ክሩን በጠስሽብኝ» አላት።

ጄኔራሏ መጋረጃዋን እንደ ለበሰች ወጣች። በቀጥታ ወደ አዳራሹ ሄዳ ዕቃ ክፍሉ ውስጥ ገባችና በሩን ዘግታ አንድ አሮጌ ከበሮ ላይ ተቀመጠች።

ጋሽ ጡሩምባ አገባቧን ከጠረጴዛ ቴኒሱ አጠገብ ሆነው አዩ። በወታደር ቤት ዘመናቸው ብዙ ሆድ የባሰው ምልምል አይተዋልና፣ እንዲህ ያለው ሰው «ምን ሆንክ?» ሲባል እንባው እንደሚብስበት ያውቃሉ። ስለዚህ ወንበር ይዘው በሩን አንኳኩ።

«ከበሮው ላይ አትቀመጪ ልጄ፣ የቀረችው ቆዳ እሷ ብቻ ናት» አሉ። «ማኩረፍ ከሆነ ወንበር አለልሽ።»

«ማን አኮረፈ?»

«እሺ፣ ማንም አላኮረፈም። ወንበሩ ግን ይኸው።»

ልጅቷ ወንበሩን አየችው፣ እሳቸውንም አየቻቸው። «መቼ ነው የምወጣው?» አለች።

«ሲበቃሽ።»

«ካልበቃኝስ?»

«ለምሳ እጠራሻለሁ። ኩርፊያ በባዶ ሆድ ያደክማል።»

በሩን ዘግተውላት ሄዱ። ጄኔራሏ ማንም ደስ ይበልሽ የማይልበት ቦታ አግኝታ፣ የፈለገችውን ያህል ፊቷን አጨፍግጋ ተቀመጠች። አለቀሰችም። ስትወጣ ጋሽ ጡሩምባ አንድ ብርጭቆ ውሃ ሰጧት እንጂ ምንም አልጠየቋትም። እሷም መጥረጊያ አንሥታ የአዳራሹን እኩሌታ ጠረገች። ልትሄድ ስትል ወንበሩ እንደሚወላገድ ነገረቻቸው፤ እሳቸውም አስተካክለዋለሁ አሉ።

በማግስቱ ሁለት ልጆች መጥተው ማኩረፊያው የት ነው ብለው ጠየቁ። አንደኛው የአንድ መቶ አለቃ ልጅ ነበር። የእሱ ችግር የአባት መጉደል ሳይሆን የአባት መምጣት ነው። መቶ አለቃው በበዓል ፈቃድ ቤቱ በገባ በሁለተኛው ቀን ቤቱን ካምፕ አድርጎታል። በፉጨት ይቀሰቅሳቸዋል፣ አልጋ በትክክል መነጠፉን ጎንበስ ብሎ ያያል፣ የመሳቢያውን ማንኪያ ሳይቀር በቁመት አሰልፎታል። ልጁ አባቱ እስኪመጣ ስንት ወር ሲጠብቅ ኖሮ፣ አሁን በሆዱ «ምነው ተመልሶ በሄደ» አለ። እንዲህ ማሰቡ አስደንግጦት ወደ አዳራሹ መጣ።

ጋሽ ጡሩምባ ለክፍሉ ሕግ አወጡለት። የገባ ሰው ለምን ገባህ አይባልም። ሁለት ሰው አብሮ አይገባም፤ ሁለት ሆነው ሲያኮርፉ ወሬ ይሆናል። የወጣ ደግሞ ውሃ ጠጥቶ፣ በእጁ ትንሽ ሥራ ሠርቶ ነው የሚሄደው። ወሬው በልጆቹ አፍ ሰፈሩን ሲያዳርስ በበሩ ላይ ወረፋ ሆነ። ወረፋው ላይ ቆመው ልጆቹ እርስ በርሳቸው ለምን እንደመጡ ይጫወታሉ። የአንዱን ቤት ጉድ ሌላው ሲሰማ፣ «የኛስ ደህና ነው» እያለ ግማሹ ተራው ሳይደርስ ኩርፊያው ያልቅና ወደ ጠረጴዛ ቴኒሱ ይሄዳል።

መቶ አለቃውንም ጋሽ ጡሩምባ የጠረጴዛውን እግር ጠግንልኝ ብለው ከልጁ ጋር አስመጡት። አባትና ልጅ ጠረጴዛው ሥር ተጋድመው ምስማር ሲቀባበሉ፣ መቶ አለቃው ቤቱ ውስጥ የቱ ዕቃ የት እንደሆነ እንደጠፋውና እንግዳ እንግዳ እንደሸተተው፣ የሚያውቀው ነገር ፉጨት ብቻ እንደሆነ ለልጁ ነገረው። ልጁም ማንኪያዎቹ ድሮ የት እንደነበሩ አሳይሃለሁ አለው።

እህታቸው አንድ ቀን እራት ላይ፣ ሆዴን ቆረጠኝ እያሉ ክሊኒክ የሚመላለሱ ልጆች ምን ዋጣቸው ብላ ጠየቀቻቸው። ወንድሟ የሠሩትን ሲነግሯት፣ እሷን ሥራ ሊያስፈቷት እንደሆነ ተናግራ ሾርባ ጨመረችላቸው። ከእሷ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ልብስ ሰፊው ግን ተቆጥቶ መጣ። ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው።

«ልጄን ኩርፊያ የሚያስተምሩብኝ እርስዎ ነዎት?» አላቸው።

«ኩርፊያውንስ ይዛው ነው የመጣችው» አሉ ጋሽ ጡሩምባ። «ከእኔ ያገኘችው ወንበር ነው።»

ልብስ ሰፊው ስንት ፊኛ እንደነፋ፣ ስንት ሌሊት እንደሰፋ ሊዘረዝር ጀመረና መሀል ላይ ዓይኑ ወደ ዕቃ ክፍሉ ሄደ። የክፍሉ በር ክፍት ነበር። ምን እንደሚመስል ልየው ብሎ ገባ። በሩ ከውስጥ ተዘጋ። ወረፋ የያዙት ልጆች ተያዩ።

አዛዡ የደረሱት ይኼኔ ነው። የመንግሥት ዕቃ ክፍል ላልታወቀ ተግባር ውሏል የሚል ወሬ ሰምተው ነበር የመጡት።

«ሃምሳ አለቃ፣ ውስጥ ያለው ማነው?» አሉ፣ ጋሽ ጡሩምባን በድሮ ማዕረጋቸው ጠርተው።

«ልብስ ሰፊው ነው ጌታዬ።»

«ምን ያደርጋል?»

«ያኮርፋል ጌታዬ።»

አዛዡ ወደ በሩ ሲራመዱ አንዲት ጥርሷ የወለቀ ትንሽ ልጅ ወረፋ እንዳለ ነገረቻቸው። አዛዡ ሰፈሩ ውስጥ ወረፋ ይከበር እያሉ ሲያዙ የኖሩ ሰው ናቸውና ከኋላዋ ቆሙ። ልጅቷ ዘወር ብላ ማን እንዳስኮረፋቸው ጠየቀቻቸው። ለምርመራ ነው የመጣሁት አሏት፤ እሷም ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው አለች።

ልብስ ሰፊው ዓይኑ ቀልቶ ሲወጣ ጄኔራሏ ውሃ ይዛ ጠበቀችው። ጠጣና «እናትሽ ናፈቀችኝ» አላት። «እኔንም» አለችው። አብረውም ወንበሮቹን መደርደር ያዙ።

አዛዡ ተራቸው ደረሰና ለምርመራ ገቡ። ምርመራው ረዘመ፣ ከኋላ ያሉት ልጆች ማጉረምረም ጀመሩ። በመጨረሻ ወጥተው ቆባቸውን አስተካከሉ፣ ውሃቸውን ጠጡ። ሕጉ ሥራም ይላልና ትንሿ ልጅ ጨርቅ ብታቀብላቸው አንድ መስኮት ወለወሉ። ሲሄዱ፣ የክፍሉ አምፖል ደብዛዛ ስለሆነ ይቀየር ብለው አዘዙ።  አንድ ልጃቸው ዘንድሮ በዓሉን ከጓደኞቼ ጋር ነው የማሳልፈው ብሎ እንደደወለላቸው ሰዉ የሰማው ኋላ ነው።

አዲሱ ዓመት ሊገባ ዋዜማው ላይ ሾፌሯ እናት ደወለች። ሩቅ ያሉት ሁሉ በተራ የሚደውሉት በአዳራሹ ስልክ ስለሆነ ልብስ ሰፊውና ልጆቹ ከበው ቆሙ። ሁልጊዜ ንግግራቸው እንደ ዘበኛ ሪፖርት ነበር፤ ደህና ነን፣ ደህና ነሽ፣ ሁሉ ሰላም ነው። ጄኔራሏ ስልኩን ተቀበለች።

«እማዬ፣ በዓሉ አስጠልቶኛል» አለች። «የመጋረጃ ልብስም ለብሻለሁ።»

ከወዲያ በኩል ሳቅ ተሰማ።  እናቷ፣ እዚያም ኑ ዝፈኑ ሲባሉ ሞተሩ ደህና ያልሆነ ድምፅ አለው ብላ ከመኪናዋ ጋቢና ገብታ፣ በሩን ቆልፋ መዋሏን ነገረቻት። «ሞተሩ ምንም አልሆነም፤ እኔ ነኝ» አለች።

«ስትወጪ ውሃ ጠጪ» አለቻት ልጇ። «ከዚያ የሆነ ነገር ሥሪ።»

አጠገቧ ሆኖ ይሰማ የነበረው ልብስ ሰፊ ግን ሐሳቡ ልብሱ ላይ ቀርቶ ነበር። «መጋረጃ ነው እንዴ የሚመስለው?» ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ወለሉን አየ። «አዎ» አለ ትንሹ ልጁ።

ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ጋሽ ጡሩምባን አንድ ነገር አሳሰባቸው። አስተማሪዎች በመጀመሪያው ቀን በዓሉን እንዴት አሳለፋችሁ ብለው መጠየቅ ይወዳሉ፤ የሰፈሩ ልጆችም ከከተማው ልጆች ጋር ነው የሚማሩት። ስለዚህ አዳራሹ ውስጥ ልምምድ አደረጉ። ጋሽ ጡሩምባ አስተማሪ ሆነው መነጽር አደረጉ፣ ልጆቹ በተራ ተነሡ። የመቶ አለቃው ልጅ ከአባቱ ጋር አንበሳ ሲያድን እንደከረመ ተናገረና በሳቅ ተቀመጠ። ጄኔራሏ ተነሥታ፣ «እናቴ ሥራ ላይ ነበረች። አኮረፍኩ፣ አለቀስኩ፣ ከጓደኞቼ ጋር ተጫወትኩ፣ አለፈ» አለች። ሁሉም አጨበጨበ። ብዙዎቹ እሱኑ እየለዋወጡ ሊናገሩ ተስማሙ።

ትምህርት በተከፈተ ዕለት ከሰዓት በኋላ ጋሽ ጡሩምባ በር ላይ ቆመው ጠበቋት። እንዴት ሆነ ሲሏት፣ አስተማሪያቸው ስለ በዓሉ አንድም ቃል አለመተንፈሱን፣ ገብቶ ሰላም እንኳ በደንብ ሳይል የማባዛት ፈተና እንደሰጣቸው ነገረቻቸው።

«ስንቱን ተለማምደን» አሉ እሳቸው።

«ፈተናውንም አበላሸሁት» አለች፣ ግን ፊቷ የተናደደ ሰው ፊት አልነበረም። ከኋላዋ አንዲት ልጅ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች። በበዓሉ ሰሞን ከሌላ ካምፕ ተዛውረው የመጡ ሰዎች ልጅ ናት። ሰፈሩ ውስጥ እስካሁን ማንንም አታውቅም፤ ዛሬ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ፈተናውን አብረው አበላሽተዋል።

ጄኔራሏ አዲሷን ልጅ ጠረጴዛ ቴኒስ ትችል እንደሆነ ጠየቀቻት። ልጅቷ አልችልም አለች። ጄኔራሏም አንዱን መምቻ ሰጥታት፣ እዚህ የሚችል ሰው ስለሌለ እንዳትፈራ አዘዘቻት። ጋሽ ጡሩምባ ገብተው መብራቱን አበሩላቸው።