የጠይብ ልጅ በራንድል

ዘውዱ ካልጋሪ፣ ኦግደን ሰፈር ውስጥ፣ ከባቡሩ ግቢ አጠገብ ባለ የፉርጎ መጠገኛ የሚሠራ በያጅ ነው። ባልደረቦቹ ብየዳውን በጣታቸው እየዳሰሱ “ይሄ የዘውዱ እጅ ነው” ይላሉ። ብረትን ያስተማሩት ግን የካልጋሪ መምህራን አይደሉም፤ አባቱ ናቸው።

አባቱ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ማረሻና ማጭድ ይሠሩ ነበር። አገሩ ሁሉ በእሳቸው ማረሻ አርሶ ይበላል፣ እሳቸውን ግን ማዕድ ላይ የሚጠራ የለም። የማረሻውን ዋጋ በእህል የሚከፍል ሰው እጃቸው እጁን እንዳይነካው መሬት ላይ አፍስሶላቸው ይሄዳል። ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ይባላል። በደህናው ቀን የሚጠሩበት ስም “ጠይብ” ነው። ቃሉ፣ የቤተ ክህነት ሰዎች እንደሚሉት፣ “ጠቢብ” ከሚለው ግዕዝ የወጣ ነው፤ ብልህ፣ በእጁ ጥበብ ያለው ማለት ነው። የኦሪቱን ድንኳን የሠራውን ባስልኤልንም እግዚአብሔር የጥበብ መንፈስ የሞላው ለእጅ ሥራ ነበር። ስሙ ከመጽሐፍ ምስጋና ሆኖ ወጣ፣ መንደር ሲደርስ ስድብ ሆነ።

ዘውዱ ይህን ካልጋሪ ውስጥ ለማንም ነግሮ አያውቅም። የምታውቀው ሚስቱ ሸዋወርቅ ብቻ ናት፤ እሱን በማግባቷ ከዘመዶቿ ተቆርጣ ቀርታለች።

ልጃቸውን ሳምሪን ፋኑኤል የሚባል ወጣት ወደዳትና ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ በሚመጡበት እሑድ ጠዋት ሸዋወርቅ ባሏን ጠጋ ብላ፣

“ዘር ከጠየቁህ ገበሬ ነበሩ በል። ለልጅህ ስትል” አለችው።

“እሺ” አላት።

ሦስት ሽማግሌዎች ራንድል ሰፈር ወደሚገኘው የነዘውዱ ቤት መጡ። ጥያቄው ቀረበ፣ ዘውዱም ፈቀደ። እጅ ታጠቡ፣ ዶሮው ቀረበ። አለቃቸው ጋሼ የሺጥላ ጨዋታ ጀመሩ።

“አቶ ዘውዱ፣ ወልደር ነዎት አሉ። እኔስ የኔን ልጅ ይህን ሙያ ተማር ብዬ ለምኜው ነበር፤ ኮምፒውተር ላይ ተጎልቶ ይውላል እንጂ አይሰማም።” ሁሉም ሳቁ። “እንግዲህ ወግ ነውና ዘር እንቁጠር። አባትዎ በምን ይተዳደሩ ነበር?”

ሸዋወርቅ ከኩሽናው በር ላይ ሆና ዓይን ዓይኑን አየችው። “ገበሬ” የሚለው ቃል አፉ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን አባቱ በሰው ሰርግ አንድ ቀን እንኳ ሳይጠሩ መሞታቸው ትዝ አለው። አሁን ከገዛ ልጅ ልጃቸው ሰርግ የሚያስወጣቸው እሱ ራሱ ሊሆን ነው።

“ጠይብ ነበሩ” አለ።

ወደ እንጀራው የተዘረጋው የሁለተኛው ሽማግሌ፣ የአቶ ታደሰ፣ እጅ ባለበት ቆመ። በዓለ ኃምሳ ስለነበረ ጾም ነው ማለት አይቻልም።

“ስኳሬ ዛሬ ከፍ ብሏል” አሉ አቶ ታደሰ።

ሦስተኛው ሽማግሌ ሆዳቸውን ያዙ። ጋሼ የሺጥላ ደግሞ “እኔ እንኳ በልቼ ነው የመጣሁት፤ ተመካክረን እንደውላለን” ብለው ተነሡ። ዶሮው ሳይነካ ቀረ።

ሳምሪ ከፎቅ ወረደች። “አባዬ፣ ጠይብ ምንድን ነው?”

ነገራት።

“ሲሪየስሊ? ጅብ?” ብላ ሳቀች። አብሯት የሳቀ የለም። “ፋኑኤል እንደዚህ ዓይነት ነገር ኬር አያደርግም።”

ፋኑኤል ማታውኑ ደወለላት። “እማዬን ላሳምናት፣ ትንሽ ጊዜ ስጪኝ” አላት።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምእመናኑ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ምሳ ይበሉ ነበር። ዘውዱና ሳምሪ የፋኑኤልን እናት፣ እትዬ ዘሪቱን፣ ሰላም ሊሉ ቀረቡ። እትዬ ዘሪቱ ቀና ብለው ዘውዱን ሲያዩ ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ሳህናቸውን ሸፈኑ። ፋኑኤል አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር። ሳምሪ ይነሣል ብላ ቆማ ጠበቀችው። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ የራሱንም ሳህን ቀስ ብሎ ከእናቱ ነጠላ ሥር አስገባው።

መኪና ውስጥ ሳምሪ ታለቅስ ጀመር። “አየኸው አባዬ?”

“አየሁት።”

“የጠየቀኝን ጊዜ ልሰጠው ነበር እኮ።”

“ገበሬ ብሎ ቢሆን ኖሮ…” አለች ሸዋወርቅ ወደ መስኮቱ ዞራ።

“አግብቼው ነበር፣ እማዬ” አለች ሳምሪ።

ዘውዱ የፋኑኤልን ማንነት ከሰርጉ በፊት ያሳየውን አምላክ በልቡ አመሰገነ። የሳምሪ ለቅሶ ግን ቤት እስኪደርሱ አላባራም።